ስምንት መቶ አርባ ሊትር ለአንዲት ዓሣ

በእያንዳንዱ ሕንፃ ውስጥ፣ ሱቅ የሚባል ነገር የተከፈተው እሱን ለመስደብ የሚመስለው አንድ ሰው አይጠፋም። ጎረቤት ወንበር ሲገዛ እሱን ያመዋል። አዲስ አምፖል የወጣበትን ካርቶን ሲያይ ራሱን እየነቀነቀ፣ "ምነው ለእኔ ብትነግረኝ?" ይላል። አምፖል እንዴት ቤት ውስጥ እንደሚሠራ የጠየቀው ሰው ካለ፣ ያን ከሰዓት በኋላ ይርሳው።

ለእኛ ሕንፃ የደረሱት ሰውዬ የሚኖሩት ልክ ከእኔ ቤት በላይ ነው። ሕዝቡ "ጋሼ እኔው" ይላቸዋል። ምንም ነገር ይበላሽ፣ "ተዉት፣ እኔው እሠራዋለሁ" ከማለት ስለማይመለሱ ነው። "ይከብዳል እኮ ጋሼ" ያላቸው ሰው፣ "ምን ይከብዳል?" ተብሎ ይሸኛል።

የክቡርነታቸው ሥራዎች ብዙ ናቸው። የሠሩት የበር ደወል የእሳቸው በር ላይ ሲጫኑት እኔ ቤት ይጮህ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እንግዶቻቸውን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። የሠሩት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው እንደ ጀልባ ሲወዛወዝ፣ "ወንበሩ ልክ ነው፤ ወለሉ ነው የተሳሳተው" አሉ፤ ውሃ ልክ የሚባለውን መለኪያ አምጥተውም ወለሉን በምስክር ፊት አሳጡት። ፀጉራቸውንም የሚቆርጡት ራሳቸው ናቸው። ከፊት ምንም አይልም። የኋላውን ስለማያዩት እንደሌለ ይቆጥሩታል።

እኔ በበኩሌ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ሰው ልጅ ሥልጣኔ አራት ዓመት የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ሚስማር ስመታ ግን መጀመሪያ የሚያውቀው አውራ ጣቴ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሰው የማየው በሁለት ዓይን ነው፤ አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ይቀናል።

ሙያቸው ቧንቧ ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት በሰው ቤት ማጠቢያ ሥር ተጋድመው የከተማውን ጠብታ ሲያስቆሙ ኖሩ። ጡረታ የወጡ ዕለት የመሥሪያ ቤታቸው ሰዎች አጨብጭበው፣ በክብ ብርጭቆ ውስጥ የምትዋኝ አንዲት ቀይ ዓሣ ሸለሟቸው። ከትንሿ ጣቴ አትበልጥም። ጋሼ እኔው ብርጭቆውን ሳሎን አስቀምጠው፣ ሌላ ሥራ የለምና፣ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብለው ያይዋት ጀመር። በስምንተኛው ቀን ደረጃ ላይ አስቆሙኝ።

"ጸሐፊው፣" አሉኝ፤ ጋዜጣ ላይ ስለምጽፍ የሚጠሩኝ እንዲህ ነው፤ "ዝም ብላ ትዞራለች።"

"ምን ታድርግ ጋሼ፣ ብርጭቆው ክብ ነው።"

"እኮ! ጡረታ የወጣሁት እኔ እንጂ እሷ አይደለችም።"

በማግስቱ ወፍራም ወፍራም የኮምፔርሳቶ ጣውላ ደረጃውን ይወጣ ጀመር።

ዕቅዱ የዓሣ ገንዳ ነበር፤ ርዝመቱ ሁለት ሜትር፣ ወርዱ ሰባ ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ ስድሳ። ታቹና ሦስቱ ጎኖቹ ኮምፔርሳቶ፣ ፊቱ መስታወት። መስታወቱ ከተዘጋ ጫማ ቤት የመጣ ነው፤ "ታላቅ ቅናሽ" የሚል ጽሑፍ ነበረበት። በምላጭ ሲፍቁት "ታላቅ" ለቀቀ፣ "ቅናሽ" እምቢ አለ። ውስጡን ውሃ በማያስገባ ሰማያዊ ቀለም ሦስት ጊዜ ቀቡት፤ የቀለሙ ሽታ ከላይ እስከ ታች ሕንፃውን ሁሉ ራስ ምታት አስታቀፈው።

እኔ ራስ ምታቱን ችዬ፣ ወረቀት አውጥቼ ርዝመቱን በወርዱና በቁመቱ አባዛሁ። ስምንት መቶ አርባ ሊትር። ስምንት መቶ አርባ ኪሎ። በእኔ መኝታ ቤት ጣሪያ ላይ አሥራ ሁለት ጎልማሶች ተቃቅፈው ቆሙ ማለት ነው። ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ።

ጋሼ እኔው ወረቀቱን ከሩቅ ይዘው አነበቡት። "አሥራ ሁለት እንግዳ ቢመጣብኝ አንተን አስፈቅዳለሁ እንዴ?"

"እንግዳ ይሄዳል ጋሼ።"

"እንግዳ ይጨፍራል። ውሃ ሲጨፍር አይተህ ታውቃለህ?"

አራት ዓመት የተማርኩትን ሥልጣኔ ከወረቀቱ ጋር አጥፌ ይዤ ወረድኩ።

ባለቤታቸው እትዬ የሒሳብ መምህርት ናቸው። የተማሪ ፈተና የሚያርሙበት ጠረጴዛ ለገንዳው ቦታ ሲለቅ ምንም አላሉም፤ በልብስ መተኮሻው ሰሌዳ ላይ ማረም ጀመሩ። ሴትየዋ ምንም ካላሉ ነገር እየተደመረ ነው ማለት ነው።

ውሃ መጀመሪያ የገባ ቀን፣ በሬ ተንኳኳ። ጋሼ እኔው ናቸው፣ ባልዲ ይዘው።

"ምናልባት፣" አሉ፣ "ሊዘንብብህ ይችላል።"

ዘነበብኝ። እኔ ግን ያየሁት ጣሪያዬን ሳይሆን የእሳቸውን ፊት ነው። የከተማውን ጠብታ ያስቆመ ሰው፣ የገዛ ቤቱን ጠብታ በጎረቤት ባልዲ ውስጥ እየሰማ ነው። ውሃው "ጠብ" ባለ ቁጥር ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ የሙያ ክብር ሆነ። በየቀኑ ሲሊኮን ይፋቃል፣ ሲሊኮን ይቀባል። የሚያፈሰውን ቦታ የሚያገኙት በጋዜጣ ነው፤ ከገንዳው ሥር ዘርግተው ያሳድሩና፣ ጠዋት የትኛው ገጽ እንደረጠበ አይተው መገጣጠሚያውን ያውቃሉ። ጋዜጣው ደግሞ ከእኔ ነው የሚሄደው።

"የአንተ ጽሑፍ ያለበትን ስጠኝ፤" ይሉኛል፤ "እሱ ውሃ ቶሎ ይጠጣል።"

ጠዋት ጠዋት ደረጃ ላይ ሪፖርት ይሰጡኛል። "ስለ ትዳር የጻፍከው ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ረጥቧል። ሦስተኛው ደህና ነው፤ ትንሽ ግን ይረዝማል።" ሃያ ዓመት ስጽፍ አንቀጽ በአንቀጽ አስተያየት የሰጠኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ልቤ ግን ጣሪያዬ ጋ ነበር። አልደብቅም፣ ገንዳው እንዲፈርስ እፈልግ ነበር።

ዓርብ ወደ ማታ እትዬ አስጠሩኝ። ገንዳው ለስድስተኛ ጊዜ እስከ አፉ ተሞልቷል። ዓሣዋ በክብ ብርጭቆዋ ውስጥ፣ መስኮት ላይ ሆና ትዞራለች። ጋሼ እኔው ከበሩ አጠገብ፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ ቆመዋል።

"ወንድሜ፣" አሉኝ እትዬ፣ "አንተ ገለልተኛ ሰው ነህ።"

ገለልተኛስ አይደለሁም፤ ግን አላረምኳቸውም።

"ጋዜጣውን አንተ በእጅህ አንጥፍ። ሳሎኑን እቆልፋለሁ፤ ቁልፉ እኔ ኪስ ያድራል። ጠዋት አንተው ታያለህ። አንዲት ጠብታ ካለች፣ መጋዙን የምይዘው እኔ ነኝ። ይኸው ነው።"

"እሺ፤" አሉ ጋሼ እኔው ቀስ ብለው። ለመጀመሪያ ጊዜ "ምን ይከብዳል" አላሉም።

ተንበርክኬ ያለፈውን ሳምንት ጋዜጣ አነጠፍኩ፤ የእኔን ገጽ ወደ ላይ አድርጌ። እትዬ ቆለፉ።

ያን ምሽት እናቴ ያረፈች ሰሞን ትዝ አለኝ። ቤቴ በሰው ተሞልቶ፣ ሁሉም የሚያጽናና ቃል ይዞ ይመጣል፤ እኔ አንዱንም አልሰማም። የምሰማው የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ብቻ ነበር፤ እሷ ከመታመሟ በፊት ጀምሮ የሚንጠባጠበውን። ጋሼ እኔው መፍቻቸውን ይዘው መጡ፣ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ገቡ፣ ወጡ። እጃቸውን በሱሪያቸው ጠርገው ሄዱ። ቤቱ ጸጥ አለ። ያኔ ነው ማልቀስ የቻልኩት።

ጠዋት ስወጣ ጋሼ እኔው ጢማቸውን ተላጭተው፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው ጠበቁኝ። የኮሌታው ፊት ተተኩሷል፤ የኋላው አልተተኮሰም። እትዬ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡና ከፈቱ። ሰውየው ከደጃፉ አላለፉም።

ወለሉ ላይ በሆዴ ተኛሁ። ጋዜጣው ድርቅ ብሏል። ቢያጥፉት የሚንኮሻኮሽ፣ እንከን የሌለው ደረቅ።

የእኔ ገጽ ግን የለም። ከአፍንጫዬ ፊት የተዘረጋው የስፖርት ገጽ ነው፤ ቀኑ የዛሬ፣ ቀለሙ ገና የሚሸት።

እጄን ወደ ውስጥ ሰድጄ የኋለኛውን ጥግ ነካሁ። ጣቴ ላይ አንዲት ጠብታ ተቀመጠች። ምስር ታክላለች።

ቀና ብዬ እትዬን አየኋቸው። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ ነው። የቀኝ እጅጌያቸው እስከ ክርናቸው ርሷል።

"ታዲያ?" አሉኝ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ ተማሪ በሚጠይቁበት ድምፅ።

ጣቴን በሱሪዬ ጠረግሁ። "ደረቅ ነው እትዬ።"

"ደህና አድርገህ አይተሃል?"

"ደህና አድርጌ አይቻለሁ።"

"እንግዲህ ምን ይደረጋል፤" አሉ እትዬ። "ሳይወድ በግድ መቀበል ነው።"

ጋሼ እኔው ከደጃፉ ገቡ። ክቡን ብርጭቆ በሁለት እጃቸው እንደ ሕፃን አቅፈው አመጡና፣ በቀስታ አዘነበሉት። ዓሣዋ "ቅናሽ" ከሚለው ጽሑፍ በስተጀርባ ገባች። ከዚያ ሁለት ሜትሩን ሙሉ ከዳር እስከ ዳር፣ ቀጥ ብላ ዋኘች።

"አየህ ጸሐፊው፤" አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከእሷ ሳያነሱ። "አየህ፣ ሄደች።"

"አየሁ ጋሼ።"

ሦስታችንም ቆመን ስናያት ስንት ጊዜ እንደተመላለሰች አላውቅም። ከዚያ ቤቴ ወረድኩ፤ አልጋዬንም ከዚያ ከሚያፈሰው ጥግ ሥር ወደ በሩ ሦስት ስንዝር ያህል ገፋሁት።