የዳቦ ጋጋሪው ዘመዳችን

ከውጭ አገር ገንዘብ የሚመጣው በዘመድ ብቻ ነው ብሎ ከሚያምን ሰው ጋር ኖራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እየኖርኩ ነው፤ እናቴ ናት።

ጉለሌ፣ ከዊንጌት ትንሽ ከፍ ብሎ ባለው ቤታችን አልጋዬ ላይ ተቀምጬ በኮምፒውተር የንግድ ቤት ሎጎ እሠራለሁ። ወራት ሙሉ በኢንተርኔት ሥራ ስለምን ቆይቼ፣ በመጨረሻ ካናዳ ያለ አንድ ዳቦ ጋጋሪ አሠራኝ። ሎጎው ላይ ያለችውን የስንዴ ዘለላ አሥራ አንድ ጊዜ አስቀይሮኝ ከፈለ። በሕይወቴ የመጀመሪያው ደሞዜ!

«እማዬ፣ ከካናዳ ገንዘብ ገባልኝ!»

«እሰይ! ማነው የላከልህ?»

«ማንም አልላከልኝም፤ ሠርቼ ነው።»

«ከአልጋህ ሳትነሳ?»

እውነቷን ነው፣ አልተነሳሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው ዘመዳችን ሆነ። እናቴ ስሙን እየጠራች ትጸልይለታለች። የቸርች እህቶቿም አብረው ይጸልያሉ፤ እንዲያውም አንደኛዋ ልጇን ወደዚያ እንዲወስድላት አማላጅ ልካብኛለች። በሳምንቱ እናቴ አንድ ኪሎ በርበሬ አስፈጭታ አመጣች።

«ላክለት። ሰው እንዲህ ሲያስብልህ ዝም አይባልም።»

እስቲ ዳቦ ጋጋሪ በበርበሬ ምን ያደርጋል? አልጋዬ ሥር አስቀመጥኩት።

ትናንት ሰውየው ሁለተኛ ሥራ ሰጠኝ። አሁንስ ታምነኛለች ብዬ ልነግራት ስወጣ፣ እናቴ በር ላይ ከጎረቤታችን ከእትዬ ዘይነባ ጋር ቆማለች።

«ልጅሽ ሥራ አገኘ?» አሏት።

«ኧረ የለም፣ እትዬ» አለች እናቴ። «ግን ጌታ ይመስገን፣ የሚረዳው ሰው አለው።»