ዶክተር ሜትርና የአራት ሰዓቱ ዳቦ

በዚህ ዓለም ላይ ከበላተኛ የባሰ አስቸጋሪ ሰው ቢኖር፣ መብላት ያቆመ ሰው ነው። በላተኛ ቢበዛ ከሳህንህ ይሻማሃል፤ ያቆመው ግን አፍህ የገባችውን እያንዳንዷን ይቆጥርብሃል። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። የኛ ሰፈሩ ልብስ ሰፊው ነው፤ የዳቦ ስሙ ዶክተር ሜትር። ስሙ የወጣለት፣ ሐኪም ማዳመጫውን እንደሚያንጠለጥል ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ፣ ሱሪ ሊያሰፋ የመጣውን ሁሉ ስለ ካርቦሃይድሬት ስለሚመክር ነው። "ዳቦ ማለት ኮት የለበሰ ስኳር ነው" ይላል፤ ወገብህን እየለካ፣ ማምለጥ በማትችልበት ሰዓት።

ምክሩ እንዲያው ከሜዳ የመጣ አይደለም። ዶክተር ሜትር ከስምንት ወር በፊት መቶ አርባ ኪሎ ነበር። ስኳሩ አልታዘዝ ብሎት የእግሩ ጣቶች መደንዘዝ ሲጀምሩ፣ ጨጓራውን በቀዶ ጥገና ቆርጠው የአንድ ሙዝ ያህል አስቀሩለት። ኪሎው እንደ ጉድ ወረደ። አሥራ አንድ ዓመት ጠዋትና ማታ ይወጋው የነበረው መርፌም ቀረ። ሐኪሙ ሲያሰናብተው ታዲያ ነግሮታል፦ ወደ ዳቦና ወደ ፓስታው ከተመለስክ ኪሎውም መርፌውም ይመለሳሉ ብሎ። ዶክተር ሜትር ይህን ከልቡ ሰማ፤ ሰምቶም ለሰው ሁሉ አደለው።

ችግሩ የሱቁ ግድግዳ ነው። ከዚያ ግድግዳ ወዲያ ዳቦ ቤት አለ። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ምድጃው ይከፈትና ሽታው በበሩም በመስኮቱም በኤሌክትሪክ መሰኪያው ቀዳዳም ይገባል። ያኔ ክቡር ዶክተራችን መቀሱን ያስቀምጥና ዓይኑን ይጨፍናል። አንድ ቀን አጠገቡ ቆሜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሆዴን ቆረጡልኝ፤ አምሮቴን ማን ይቁረጥልኝ" ሲል ሰምቼዋለሁ።

የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ዘዴ ሰጥታው ነበር። አምሮት ሩብ ሰዓት ነው ዕድሜው፤ ውሃ ጠጣ፣ እጅህን ሥራ አስይዘው፣ ያልፋል ብላዋለች። እሱም እጁን ቁልፍ መስፋት አስያዘው። በዚያ ሰሞን ከሱቁ የወጣ ሸሚዝ፣ ጨርቁ አልቆ ቁልፉ ይተርፋል። እኔ ራሴ ስድስት ቁልፍ ያለው ሸሚዝ ሰጥቼው ዘጠኝ ይዞ ተመልሶልኛል። ምን ያደርጋል፣ ቁልፍ ያልቃል፤ አምሮት አያልቅም።

በቅርፊት ጀመረ። ቅርፊት ዳቦ አይደለም፣ የዳቦ ልጣጭ ነው ብሎ ራሱን አሳመነ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነውና ከቅርፊቱ ወደ መሃሉ ገባ። አንድ ቀን ግማሽ ዳቦ በጥድፊያ ውጦ ላብ አጠመቀው፣ ልቡ ተንደፋደፈ፤ የጨርቅ ጥቅል ላይ ጋደም አለና ባለቤቱን የካውያው ሙቀት ነው አላት። በማግስቱ መጥቶ እኔን ስለ ብስኩት ሲገሥጸኝ ዋለ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ኪሎውን በሚዛን ማየትም ተወ። ሚዛን የነጋዴ ዕቃ ነው፣ አይታመንም፤ እኔ በሙያዬ እለካለሁ አለ። በየጠዋቱ ከመልበሻው መጋረጃ ኋላ ይገባና ሜትሩን ወገቡ ላይ ያዞራል። ዘጠና ስድስት ካላለ ይጎትተዋል። አሁንም ካላለ ትንፋሹን ይዞ ይጎትተዋል። ዘጠና ስድስት ሲል ደስ ብሎት ይወጣና ለባለሙያዋ በስልክ ያስመዘግባል። የራሱን ሱሪ ጎን ሁለት ጊዜ ፈትቶ አስፍቷል፤ ለአየር ነው ይላል።

በዚህ መሃል የሰፈሩ ሰው ሁሉ መወፈር ጀመረ። ቢያንስ ልብስ ሰፊያችን እንደዚያ ነበር የሚለው። የሰፈራችን የታክሲ ሹፌር አዲሱ ሱሪው አልቆለፍ ብሎት ሲመጣ፣ ከለካሁህ ወዲህ ዳቦ በልተሃል ተባለ። እኔም ሱሪዬን ስወስድ ወገቡ ሆዴ ላይ ቆሞ ቀረ። "በልተሃል" አለኝ። በልቻለሁ፤ ምን ብዬ ልከራከር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዳቦ ሳልቀምስ፣ ቤተሰቡ ሲበላ ግድግዳ እያየሁ ከረምኩ። ሱሪው አልራራልኝም።

ሱሪዬን ይዤ ተመልሼ ስሄድ የሰፈራችንን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ቀድማኝ አገኘኋት። አዲስ ያሰፋችው ጉርድ ቀሚስ አልወጣ ብሏታል። ዶክተር ሜትር ኮት ስለለበሰው ስኳር ሊጀምርላት ሲል፣ ሦስት ሳምንት ታምማ ከሾርባ በቀር ምንም እንዳልቀመሰች ነገረችው። እሱም ትንሽ አሰብ አደረገና፣ እንግዲህ የቆረጠው ሰው ይጠየቅ አለ። የሚቆርጠው ሰው ማለት ባለቤቱ ናት። እሱ በሜትሩ ይለካና ቁጥሩን ደብተር ላይ ይጽፋል፤ እሷ ቁጥሩን አይታ ጠረጴዛው ላይ ባለው የእንጨት መለኪያ ለክታ ትቆርጣለች። ሃያ ዓመት እንዲህ ሠርተው አንድ ልብስ አልተበላሸባቸውም።

ባለቤቱ ከውስጥ ወጣች። አልተቆጣችም። ሜትሩን ካንገቱ ላይ አውርዳ በእንጨቱ ላይ ዘረጋችው። እንጨቱ አንድ ሜትር ላይ አለቀ። የሜትሩ መቶ ቁጥር ግን ከእንጨቱ አልፎ ሦስት ጣት ያህል ወዲያ ተቀምጧል። ለካ በዚህ ሜትር የተለካ ወገብ ሁሉ ከእውነቱ አንሶ ነው ደብተር ላይ የተጻፈው።

ማን እንዲህ ጎተተው ብላ ጠየቀች። ሁለተኛ እንዳይለካበት ሜትሩን ጠቅልላ በመርፌ ቁልፍ ልታስይዘው የቁልፍ ቆርቆሮውን ስትከፍት፣ በገበር እራፊ የተጠቀለለ ግማሽ ዳቦ ወጣ።

"ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል የሚሉት ለካ የኔን ባል ነው" አለች።

"ስድስት ጊዜ ብቻ ነው" አለ ዶክተር ሜትር። ቆየት ብሎ፣ "በሳምንት" አለ።

እኔና ርዕሰ መምህርቷ ሳቅን። ባለቤቱ ግን አልሳቀችም። ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረች።

"ዳቦው አይደለም ያንገበገበኝ። አሥራ አንድ ዓመት ጠዋትና ማታ የወጋሁህ እኔ ነኝ። ያን መርፌ ሁለተኛ እንዳታስይዘኝ።"

ሳቃችን አፋችን ውስጥ ቀረ። ሰውየው ያለ ሜትሩ አንገቱ ባዶ ሆኖ፣ እንደተቀጣ ልጅ ቆመ። አሳዘነኝ፤ እውነቱን ለመናገር በጣም አሳዘነኝ። እሷ ከመሳቢያው አዲስ ሜትር አውጥታ፣ እኛ እያየን፣ ሳትጎትት ለካችው። መቶ። ቁጥሩን ራሱ ደብተሩ ላይ ጻፈው። ወደ እኛ ዞሮ ጥፋቱ የወገባችሁ አይደለም፣ የኔ ሆድ ነው አለና፣ እዚያው ፊታችን ለባለሙያዋ ደውሎ ሁሉንም ነገራት። አልተቆጣችውም። ብዙ ሰው እዚህ ቦታ ላይ ይወድቃል፤ ብቻ አምሮቱ ሲመጣ ለብቻህ አትሁን አለችው።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ባለቤቱ ትለካዋለች። አሁን ዘጠና ስምንት ደርሷል። መምከሩን ግን አልተወም፤ አመል ያወጣል ከመሃል። "ዳቦ ማለት ኮት የለበሰ ስኳር ነው" ይልና፣ "ኮቱን ስንቴ እንዳስወለቅሁት ግን አትጠይቁኝ" ብሎ ይጨምራል። ምድጃውም ያው ነው፤ አራት ሰዓት ላይ መከፈቱን አልተወም።

የኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ከእሱ ሱቅ ፊት ለፊት ነው። አራት ሰዓት ሊሞላ ሲል ማሽኑን አጠፋና አንድ ሸሚዝ ይዤ እሻገራለሁ። ዛሬም ቁልፍ ተበጠሰብህ ይለኛል። ተበጠሰብኝ እላለሁ። እሱ ይሰፋል፤ እኔ እስኪጨርስ የባጥ የቆጡን አወራለሁ። ዳቦው ይወጣል፣ ይሸጣል፣ ሽታውም ቀስ በቀስ ይጠፋል።

ቁልፎቹን ቤቴ ቁጭ ብዬ በመቀስ የምቆርጣቸው እኔ ነኝ። በራሱ የተበጠሰ ክርና በመቀስ የተቆረጠ ክር እንደማይመሳሰሉ ደግሞ ልብስ ሰፊ አያጣውም። ትናንት የክሩን ጫፍ ወደ ብርሃን አስጠግቶ አየው። ከዚያ እኔን አየኝ። መርፌው ላይ ክር አስገባና መስፋት ጀመረ። ጨርሶ ሸሚዙን ሲሰጠኝ፣

"ነገ ኮትህን አምጣው" አለኝ፤ "እሱ ቁልፍ ይበዛዋል።"