ሳልበላ የሄድኩበት ቅዳሜ

መስኮቴ ወደ ባቡር ጣቢያው መንገድ ቢያይ የኔ ጥፋት ነው? ወሬኛ ይሉኛል። ፈረንጅ አገር፣ ሊንደበርግ የሚባል ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ድንች እየላጥኩ ቀና ስል ሰው ያልፋል። ታዲያ ዓይኔን ልጨፍን? ማን አዲስ ጃኬት ገዛ፣ ማን ከማን ጋር ወረደ፣ ሳልፈልግ አውቀዋለሁ። እሺ፣ ትንሽ እፈልጋለሁ።

ሰላምንም ያየኋት እንዲሁ ነው። ማስተርስ የሚሉትን ትምህርት ልትማር ከአዲስ አበባ የመጣች ልጅ ናት። ከኔ በታች ያለችውን ክፍል አክስቷ አስካለ በራሷ ስም ተከራይታላታለች። አስካለ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ናት፤ ሌላ ሰፈር፣ ሮመን ነው የምትኖረው፤ ሃያ ዓመት አብረን ሄልስፊር ሰፈር ቢሮ አጽድተናል። እና ቅዳሜ ማታ፣ እኔ ፀጉሬን ሸብ አድርጌ ልተኛ ስል፣ ልጅቷ ተኳኩላ ትወጣለች። ባለ ተረከዝ ጫማዋ በፌስታል፣ ከንፈሯ ቀይ። እሑድ ማለዳ ትመለሳለች። ጫማው አሁንም በፌስታል፤ ቀዩ ግን የለም።

ለአስካለ ነገርኳት። እንዲያው ለጨዋታ ያህል። እሷ ግን ፊቷ ተለዋወጠ። እናቷ አደራ ያለችኝን ልጅ! አለች። እውነት ከሆነ ክፍሉን እመልሳለሁ፣ እኔ ጋ ሮመን ትገባለች፣ የኔ በር ደግሞ በሦስት ሰዓት ይቆለፋል አለች። አንቺ ሂጂና በዓይንሽ አይተሽ ንገሪኝ ብላ አረፈችው።

ደነገጥኩ። ወሬ ማውራትና ሰው ከቤቱ ማስነሳት አንድ ነው እንዴ?

ልጅቷን ደረጃ ላይ ያዝኳትና አክስትሽ እንዲህ እንዲህ ብላለች አልኳት። ማን እንደነገራት ግን አልነገርኳትም። ትክ ብላ አየችኝ።

«እትዬ ብርቄ፣ እዚህ ሕንፃ ላይ ስንት ሰው ነው መስኮት ላይ የሚቆመው?» አለችኝ። «በቃ ቅዳሜ ነይና እይ።»

አንቺ ነው የምትለኝ። የዛሬ ልጆች እርስዎን ቦሌ ጥለውት ነው አውሮፕላን የሚሳፈሩት።

ቅዳሜ ደረሰ። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾም የለም። መጀመሪያ የክፍል ጓደኛዋ ኢንግሪድ ቤት እንሄዳለን አለችኝ፤ ፎርሽፒል ይሉታል። ሰው ቤት የተጠራ ሰው በልቶ ይሄዳል? እኔ ከምሳ በፊት ጀምሬ አፌን ዘጋሁ። ማን ያውቃል፣ ምን ምን እንደሚቀርብ!

ምን ቀረበ መሰላችሁ? ምንም። ስድስት ወጣቶች መሬት ላይ ተቀምጠው፣ እያንዳንዱ ከራሱ ፌስታል የራሱን ቆርቆሮ ቢራ ያወጣል። ፎርሽፒል ማለት ለካ ይሄ ነው፤ ለጭፈራ ከመውጣታቸው በፊት ጠጥተው ይጨርሱታል። ራታቸውንማ ገና በጠራራ ፀሐይ በልተውታል! ኢንግሪድ ግን ደግ ናት፤ ፒዛ አሙቃ ይዛልኝ መጣች። ትበያለሽ? አለችኝ።

«ናይ፣ ናይ! ጠግቤያለሁ» አልኩ፤ ናይ የዚህ አገር አይ ነው። ሆዴንም መታ መታ አደረግኩ።

እንግዲህ ሁለተኛውን «እባክሽ» እጠብቃለሁ። በሦስተኛው ደግሞ፣ በሞቴ ስትል፣ እንደ ምንም እቀበላለሁ። ኢንግሪድ ፈገግ አለችና ሳህኑን ይዛ ወደ ሌላው ዞረች። በቃ። እዚህ አገር ናይ ካልሽ ናይ ነው። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ልጅ የድንች ጥብስ ዘረጋልኝ። እሱ ደግሞ የጠየቀኝ ገና አንዴ ነው፤ እንዴት በአንዴ እጄን ልስደድ? ናይ አልኩት። ሰላም ጥግ ላይ ሆና በሳቅ ትንፈቀፈቃለች።

ከዚያ ወደ ጭፈራ ቤቱ። በር ላይ የቆመው ጠብደል መታወቂያዬን አየና፣ በትህትና ጎንበስ ብሎ አሳለፈኝ። ሥራ ፈትቼ መቀመጥ ስለማልችል የልጆቹን ጃኬት ሁሉ ተቀብዬ ታቅፌ ተቀመጥኩ። ወለሉ ጫማ ይይዛል። ይሄን ነገ የሚያጥበው ማን ይሆን? አልኩ በሆዴ። ሆዴ ግን ሌላ ሐሳብ ላይ ነበር።

ረሃብ ደግሞ እንግዳ ነገር ያሳያል። መብራቱ ሰማያዊ ሆነ፣ ከዚያ የብርቱካን ቀለም፤ ልጆቹ ውኃ ውስጥ ያሉ ይመስል ቀስ ብለው ይወዛወዛሉ። መሐላቸው ሰላም ትከሻዋን ስታንቀጠቅጥ ክብ ሠርተው ያጨበጭቡላታል። «ሰላም! ሰላም!» ይላሉ። በእጇ የያዘችው ለስላሳ ነው፤ ሄጄ አሽትቼዋለሁ። ለራሴም ሳይታወቀኝ ትከሻዬ ተነቃነቀ፤ ከነጃኬቱ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲዘጋ ወጣን። ሌሊቱ የት ሄደ? ሰማዩ እንደ ወተት ነጥቷል፣ ወፍ ይንጫጫል። ኬባብ ቤት ወረፋ ያዝን። ኢንግሪድ ዞር ብላ «ትበያ...» ስትል፣ «ያ!» አልኳት። የዚህን አገር አዎ እንደዚያ ጮክ ብዬ ተናግሬው አላውቅም።

ውኃው ዳር ደረጃ ላይ ተቀምጠን በላን። መርከቦቹ ተኝተዋል፣ ውኃው ሰማዩን ታቅፎ ዝም ብሏል፤ የቱ የቱ እንደሆነ መለየት ያቅታል። ሰላም ጫማዋን አውልቃ ፌስታሏ ውስጥ ከተተች።

«ክፍል ውስጥ ማንም ማንንም አያናግርም» አለችኝ። «እኔ በትምህርት አልደከምኩም፣ በዝምታው ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በስሜ የጠራኝ ሰው አልነበረም። ስሜን ያወቁት ቅዳሜ ማታ ነው። ሮመን ከገባሁ...» አልጨረሰችውም።

እኔም ሃያ ዓመት ሙሉ በመጀመሪያው ባቡር ለሥራ ስሄድ፣ እነዚህ ልጆች ሊተኙ ሲመለሱ አያቸው ነበር። ከየት እንደሚመጡ ግን አይቼ አላውቅም።

ሁለተኛ ኬባብ ለመንገድ ያዝኩ። ረሃብ አይደለም፤ ጥንቃቄ ነው። መሐል ከተማ ጣቢያ ላይ ልጆቹ እየዘፈኑ ከበውኛል፣ ነጩ ድልህ አገጬ ላይ ነው፣ ባቡሩ ደረሰ፣ በሩ ተከፈተ። ማን ብትወርድ ጥሩ ነው? አስመራዋ ጎረቤቴ አደይ ለተብርሃን! በነጭ ነጠላ፣ ለኪዳን ማልዳ። እኔን አየች፤ ኬባቡን አየች። አማተበች።

ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። አስካለ ናት።

«ለተብርሃን ያየችው እውነት ነው?»

«ሰላም እኮ ለስላሳ ነው የጠጣችው፣ እኔ ራሴ...»

«ስለ ልጅቷ መች ጠየቅኩሽ! ያንቺን ነው!»

ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ወለሉን፣ ነጩን ሌሊት፣ ያንን ውኃ። ክፍሉን ብትወስጂባት ስሟን የሚጠራላትን ሰው ነው የምትወስጂባት አልኳት። አስካለም እኮ በመጀመሪያው ባቡር ነው ያረጀችው።

«ክፍሉ ይቆይላት እሺ» አለች በመጨረሻ።

«ለምን የፊታችን ቅዳሜ አብረሽን አትመጪም?» አልኳት።

«ናይ፣ ናይ! በዚህ ዕድሜዬ? እኔ ምን በወጣኝ!»

አውቃታለሁ። ሁለተኛውን እየጠበቀች ነው። እኔ ግን የዚህን አገር ደንብ ተምሬያለሁ፤ ዝም አልኩ። ትንፋሿ ይሰማኛል። አንድ ጊዜ ሳል አለች። አሁንም ዝም አልኩ።

«ለመሆኑ በስንት ሰዓት ነው የምትሄዱት?» አለች።