ዳዶ በቀኝ አይፈታም

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አባቶች። ይህን የተረተው ሰው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የዛገ ዳዶ ገጥሞት አያውቅም። ዳዶ ተሮጦም ይጥበቅ፣ ተቀምጦም ይጥበቅ፣ አንዴ ከዝገት ጋር ከተጋባ ፍቺ የሚባል ነገር አያውቅም። ሽማግሌ ቢላክ፣ ቤተ ዘመድ ቢለምን፣ ወይ ፍንክች! እንዲያውም ሽማግሌ በበዛ ቁጥር ይብስበታል። ይህን የምለው በመላ አይደለም፤ ባለፈው ቅዳሜ መርካቶ፣ አጎቴ ጋሼ ሰይድ ሱቅ በር ላይ በዓይኔ አይቼ ነው።

ጋሼ ሰይድ ብርድ ልብስ ይሸጣሉ። ከሱቃቸው አጠገብ አንድ አሮጌ ሞተር ሳይክል ቆሟል። «ቆሟል» ስል አክብሬው ነው፤ የኋላ ጎማው ተንፍሶ እንደ ግመል በርከክ ብሏል። በወጣትነታቸው ከደሴ ኮምቦልቻ ይከንፉበት እንደነበር ሁልጊዜ ያወራሉ። መንገዱ ቁልቁለት መሆኑን ግን አያወሩም።

እኔ ይህን ሞተር እወደዋለሁ። ጥገና ማንም አላስተማረኝም፤ ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ፣ ጋራዥ በር ላይ እየተገተርኩ፣ የሰው ሬዲዮ እየፈታሁ (መግጠሙ ሌላ ጉዳይ ነው) ራሴን በራሴ ያስተማርኩ ነኝ። «ይስጡኝ፣ እኔ አስነሣዋለሁ» እያልኩ ስጨቀጭቃቸው ጋሼ ሰይድ ሰለቻቸውና በዚያ ጠዋት ጎረቤት እየሰማ ፈረዱ። የዐስር ሰላት አዛን ሳይሰማ የኋላ ጎማውን ካወጣሁ፣ ወላሂ፣ ሞተሩ የኔ ነው። ካላወጣሁ ለቆራሌው ይሰጣል፣ በሩም ነፃ ይወጣል።

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ፤ ማስረዳት እወዳለሁ። የሞተር ጎማ መሀሉን ሰንጥቆ የሚያልፍ ረጅም ብረት አለው። ፔርኖ ይባላል። ጫፉ ላይ ዳዶ ይጠብቅበታል። ዳዶውን ፈታህ፣ ፔርኖውን መዘዝክ፣ ጎማው ወጣ። በቃ! ቪዲዮው ላይ ሰውዬው ይህን ሁሉ ያደረገው እያፏጨ ነው። እኔም እያፏጨሁ የመፍቻ ቁልፉን ገጠምኩና ወደ ግራ ሳብኩ። ዳዶው ዝም። ፉጨቱን ትቼ ሳብኩ። አሁንም ዝም። እግሬን ግድግዳው ላይ ተክዬ በሁለት እጄ ሳብኩ። ከሁለታችን የተንቀጠቀጠው እኔ ነኝ።

መርካቶ ውስጥ ደግሞ ጎንበስ ብሎ ብረት የሚታገል ሰው አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ የለም። አንዱ ይቆማል። ሁለተኛው፣ አንደኛው ስለቆመ ይቆማል። ሦስተኛው ርካሽ ዕቃ የተገኘ መስሎት ይጋፋል። አንዲት ሴትዮማ በሰው ትከሻ ላይ አጮልቀው «ስንት እያላችሁት ነው?» አሉ። የሚሸጥ ነገር የለም ሲባሉ «ታዲያ ምን ያሰበስባችኋል!» ብለው ተቆጡ፤ ግን አልሄዱም። ቆራሌውም ወሬው ደርሶት መጥቶ ጥግ ይዟል። ዓይኑን ከሞተሩ ላይ አይነቅልም።

በመጨረሻ ጋሼ ሰይድ «ወዲያ በል!» ብለው ቁልፉን ቀሙኝና፣ «ቢስሚላህ» ብለው ወደ ቀኝ ጠመዘዙት። ኧረ ጋሼ፣ የሚፈታው በግራ ነው ብላቸው ተገርመው አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ ጫማህን በየትኛው እግር ነው የምታጠልቀው?» በቀኝ አልኩ። «መስጊድ በየትኛው ነው የምትገባው?» በቀኝ። «ታዲያ ይሄ ዳዶ ማን ስለሆነ ነው በግራ የሚለመነው?» ስለ ዳዶ ጥርስ አቀራረጽ ማብራራት ብጀምርም የሰማኝ የለም።

ጎረቤታችን ጃንጥላ ሻጩ ጋሼ ተካ ራጉኤልን ተሳልመው ሲመለሱ ደረሱ። እሳቸው ክርስቲያን ስለሆኑ በቀኝ ጉዳይ ገለልተኛ ይሆናሉ ብዬ ዳኝነት ጠየቅኋቸው። የዋህነቴ! «ሰይድ እውነቱን ነው» አሉ። «እኔስ ጠዋት ከቤት ስወጣ ‹በቀኝ አውለኝ› ብዬ አይደል የምወጣው? ‹በግራ አውለኝ› የሚል ሰው ሰምተህ ታውቃለህ?» ይህን ብለው እሳቸውም አንድ ጊዜ አጠበቁት።

ከዚያማ ነገሩ የክብር ሆነ። ቁልፉ እንደ ግብዣ ቤት የእጅ ውሃ ከሰው ሰው ዞረ። «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ በፍጹም፣ እርስዎ እያሉ!» እየተባባሉ፣ ሽበት ያለው ሁሉ በየተራ እየመረቀ አጠበቀልኝ። የሁለት ሃይማኖት ሽማግሌዎች በአንድ ነገር እንዲህ በፍቅር ሲስማሙ ማየት ደስ ይላል። ምነው ግን በኔ ዳዶ ላይ ባልሆነ!

ተስፋ አልቆረጥኩም። ብረት ሲሞቅ ይሰፋል፣ ዳዶው ሰፋ ሲል ደግሞ ይላቀቃል እያልኩ ለተሰበሰበው ሕዝብ ሳስረዳ፣ ሻይ የሚሸጡት እትዬ ዘይነባ ሰምተው ኖሯል። የሚንተከተከውን ማንቆርቆሪያ አምጥተው ደፉበት። ዘዴው እንኳ ልክ ነበር። እንፋሎቱ በረድ ሲል ዳዶውን ነካሁት፤ ጣቴ ተጣበቀ። «እትዬ፣ ስኳር አለው እንዴ?» ብላቸው፣ «ውይ አንተ! እኔ ያለ ስኳር ሻይ ስሰጥ አይተኸኛል?» ብለው ተቀየሙኝ። ጠዋት ዝገት ብቻ የነበረበት ዳዶ አሁን ዝገት፣ ምርቃትና ሽሮፕ ተደራረበበት።

ፀሐይዋ ዘንበል አለች። ቆራሌው ጆንያውን ማራገፍ ጀመረ። በዚህ መሀል መንገድ የተዘጋባቸው ተሸካሚዎች ደረሱ። ከፊት ያለው ደግፌ ነው፤ ጀርባው ቁም ሣጥን ያህላል። ምን ሆናችሁ አለ። የቁልፍ ክንድ በረዘመ ቁጥር ጉልበት እንዴት እንደሚጨምር በዝርዝር ልነግረው ስጀምር፣ «ወንድሜ፣ አታብራራ፤ ቱቦ አምጣ» አለኝ። ረጅም የውሃ ቱቦ ቁልፉ ላይ ሰካን።

እኔ «ወደ ግራ!» ብዬ ጮህኩ። ሽማግሌዎቹ ባንድ ድምፅ «ወደ ቀኝ!» አሉ። ደግፌ ግራ ገብቶት «የኔ ቀኝ ነው የሞተሩ ቀኝ?» ብሎ ጠየቀና፣ መልስ ሳይጠብቅ «ሆ!» ብሎ ከነጓደኞቹ ተንጠለጠለበት።

መጀመሪያ ዳዶው ንቅንቅ ሳይል ሞተሩ ተነሣ። ልራገጥ ነው እንዳለች በቅሎ የኋላውን ወደ ላይ አነሣ። ከዚያ «ጧ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ። ዳዶው ተፈታ? በጭራሽ! ከነፔርኖው ጫፍ ተቆርጦ ወደቀ። ሳይፈታ ሞተ፤ ቆራጥ ነበር። የቀረውን ብረት ደግፌ አንድ ጊዜ በመዶሻ ሲለው በወዲያኛው በኩል ሾልኮ ወጣ። ጎማው ተላቅቆ ተንከባለለና ቆራሌው እግር ሥር ተጋደመ።

እልልታው ቀለጠ። ዋጋ የጠየቁት ሴትዮ እንኳ እልል አሉ። ጋሼ ተካ «አላልኩህም? በቀኝ ነው!» አሉኝ። ወዲያው አዛኑ ተሰማ። ጋሼ ሰይድ ጎማውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ «ቃሌ ቃል ነው፤ ውሰደው» ብለው ወደ መስጊድ መንገድ ጀመሩ። ቆራሌው ባዶ ጆንያውን ትከሻው ላይ ጥሎ ሄደ።

ባለ ሞተር ሆንኩ! ሞተሬ ፔርኖ የለውም እንጂ። የተቆረጠውን ብረት ይዤ አሮጌ ዕቃ ወደሚሸጥበት ወደ ምናለሽ ተራ በረርኩ። አንዱ ነጋዴ ብረቱን ገለባብጦ አየውና «አለ!» አለኝ። ዘልዬ ልስመው ምንም አልቀረኝም። ወደ ጓሮ ወሰደኝ። ቁርጥ የኔን የመሰለ ሞተር በጎኑ ተኝቷል። ፔርኖው አለ፤ ያለው ግን ጎማው ውስጥ ነው። ዳዶውም ጫፉ ላይ፣ ቀይ ዝገት ለብሶ ተኮፍሷል። ነጋዴው፣ እስካሁን የሞከረው ሁሉ አቅቶት እንደሄደ ሳይደብቅ ነገረኝ። ከዚያ ግን ዝገትና ዘይት የጠጡትን እጆቼን አየና ፊቱ በራ። «አንተ ግን ባለሙያ ነህ፤ እጅህ ይናገራል!» ብሎ ቁልፍ አቀበለኝ።

ባለሙያ! ከተወለድኩ ጀምሮ ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። እንዲህ ከተባሉ በኋላ አቃተኝ ይባላል? አይባልም። ይኸው ዛሬም እዚያው ጓሮ ተንበርክኬ እስባለሁ። ሰውዬውም ደንበኛ መጥቶ «ምን እያደረገ ነው?» ሲለው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ባለሙያችን ነው፣ አትረብሹት፤ ነገ ይጨርሰዋል» ይላል።