ተንጋሎ የሚነዳው ሰውዬ

ሰው ሲሮጥ ብታዩ «ምን አስቸኮለው?» ትላላችሁ፤ ቆሞ ብታዩት «ማንን ነው የሚጠብቀው?» ትላላችሁ። ተንጋሎ ካያችሁት ግን ጥያቄ የለም። ታሟል። ይህን ያወቅኩት እዚህ ሐርጌሳ፣ ተንጋለው የሚነዷት ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ከገዛሁ በኋላ ነው።

ሥራዬ ብየዳ ነው። መሐመድ ሞጌ ሰፈር ካለው ወርክሾፕ ቀኑን ሙሉ የብረት በር ላይ አቀርቅሬ ውዬ፣ ኮድቡር ሰፈር ወደተከራየኋት ክፍል ስመለስ ወገቤ የሌላ ሰው ይመስለኛል። ያገለገለ ዕቃ ከውጭ ከሚያስመጡ ነጋዴዎች ዘንድ ያቺን ብስክሌት ሳያት ወደድኳት። መቀመጫዋ ወደ ኋላ የተጋደመ፣ ፔዳሏ ከፊት፤ እግር ዘርግቶ መንዳት ነው። ወገቤ ወዲያው ተሻለው። ግን ገና በመጀመሪያው ቀን መንገድ ዳር ሻይ የሚሸጡ አንዲት እናት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «አላህ ያሽርህ ልጄ!» አሉኝ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ዱዓ አይመለስም። «አሚን» አልኩ።

በያጅ ደግሞ ብረት አጠገቡ እያለ አርፎ አይቀመጥም። አንገቴ እንዳይደክም መደገፊያ በየድኩላት፤ በሽታዬ የጠና መሰለ። ለፀሐዩ ብዬ የሸራ ጥላ ሠራሁላት፤ ቃሬዛ መሰለች። ትልልቅ መኪኖች እንዲያዩኝ ረጅም ዘንግ ላይ ቀይ ጨርቅ ብሰቅል፣ ሾፌሩ ሁሉ ዳር እየያዘ ያሳልፈኝ ጀመር። ሊያጌጡ ይመላለጡ ይሉሃል ይኼ ነው። ግን አልዋሽም፣ መንገድ ሲለቀቅልኝ ደስ ይለኝ ነበር። «አሚን» እያልኩ አልፋለሁ።

ታዲያ ሆዳንን ለማግባት ሽማግሌ ሰደድኩ። ሆዳን ድሬዳዋ ጎረቤቴ ሆና ያደገች፣ አሁን እዚህ ፋርማሲ የምትሠራ ልጅ ናት። አባቷ ሐጂ ኢብራሂም እንደ ልማዱ ሰፈሬ ድረስ መጥተው ስለ አሁኑ ሁኔታዬ ጠየቁ። ጎረቤቶቼ ምስጋናዬን አላጓደሉም። «ሰላቱን የማያስታጉል ጨዋ ልጅ ነው፤ አላህ ያሽረው እንጂ!»

ሆዳን እያለቀሰች ደወለች። «አባቴ ‹ልጄን ለአስታማሚነት አልድርም› ብሏል።»

እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። በማግስቱ ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ካለው ቤታቸው ግቢ ብስክሌቴን እየነዳሁ ገባሁ። ሐጂ በከዘራቸው ተደግፈው በረንዳው ላይ ቆመዋል።

«ተነስ» አሉኝ። ተነሳሁ።

«ዝለል።» ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ዘለልኩ።

«ታዲያ ጤነኛ ሰው ለምን ተኝቶ ይሄዳል?»

«ስለሚመች ነው፣ ሐጂ።»

ጠጋ ብለው ብስክሌቷን አዩዋት። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከዓመታት በፊት ጀምሮ ነው። «እስቲ» አሉና ከዘራቸውን አቀበሉኝ። ግቢውን አንድ ጊዜ ዞሩ። ሁለተኛ ዞሩ። ሆዳን እናቷን ይዛ ወጥታ ስታያቸው ሦስተኛውን ጀምረዋል።

የኒካው ቀን ተቆረጠ። ሙሽራው ለቤተሰቧ የሚያቀርበው ስጦታ ሲነሳ ሐጂ ወርቅም ግመልም አልጠየቁም። አሁን መስጊድ የሚሄዱት ተንጋለው ነው፤ መኪናው ሁሉ ዳር ይይዝላቸዋል።

እኔ በእግሬ እሄዳለሁ። ትናንት ሻይ ሻጯ ቆሜ ስሄድ ቢያዩኝ ብርጭቆው ከእጃቸው ወደቀ። «አልሐምዱሊላህ! ዱዓዬ ደረሰ!» እያሉ አለቀሱ። ምን ልበላቸው? እኔም «አልሐምዱሊላህ» ብዬ አለፍኩ። ወገቤ ሕመሙ ተመልሶበታል፤ እንቅልፍ ነስቶኛል። አሁን ገና የምር አመመኝ፤ «አላህ ያሽርህ» የሚለኝ ግን ጠፋ።