ሁለት ክንድ ተኩል

ሜትር በኪሱ ገብቶ የማያውቅ ሰው የሌለበት ማኅበር የለም። ዕድር ይሁን ሰበካ ጉባኤ፣ የሠርግ ኮሚቴ ይሁን ቤት ለሚቀይር ወዳጅ ዕቃ ለማንሳት የተሰበሰበ ጓደኛ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በሌላው ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ገርምሞ «ይበቃል» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ሶፋው ደረጃው ላይ ተቀርቅሮ ሲቀር የሚወቀሰው ሶፋው ነው፤ ወይም ደረጃው። ያ ዓይን ተወቅሶ አያውቅም።

በሲልቨር ስፕሪንጉ ቤተ ክርስቲያን ይህን ማዕርግ ይዘው የሚኖሩት ጋሽ ወልደአምላክ ናቸው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። በር ሲያልፉ ጎንበስ ይላሉ፤ ክንዳቸው ደግሞ ቀድሟቸው ይገባል። ወጣቶቹ እሳቸው በሌሉበት «ሊቀ ስንዝር» ይሏቸዋል። ቢሰሙም እንደ ሹመት ተቀብለው ካባ ሳይጠይቁ አይቀሩም። «ዐሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚለውን ምክር ያሳጠሩትም እሳቸው ናቸው። «አንድ ጊዜ እይ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» ይላሉ። «ዓይን የተሰጠን ለምን ሆነና?»

የአዳራሹን የመጻሕፍት መደርደሪያ የሰቀሉት እሳቸው ስለሆኑ፣ መጻሕፍቱ ሁሉ መንገድ እንዳደከማቸው ምእመናን ወደ ቀኝ ተደጋግፈው ያንቀላፋሉ። መጋረጃውን በስንዝር ለክተው አሰፉት፤ ሲሰቀል ከወለሉ አንድ ጉልበት ያህል ከፍ ብሎ ቀረ። «መጥረጊያ እንዲያልፍ ነው» አሉ። እሑድ እሑድ ፓርኪንግ ሎቱ ላይ መኪና የሚያስገቡትም እሳቸው ናቸው። ሁለት መዳፋቸውን ዘርግተው «ና፣ ና፣ ና፣ ሰፊ ነው፣ ና!» ይላሉ። «በቃ!» የሚሉት ግጭቱ ከተሰማ በኋላ ነው።

ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ በሩ ላይ ይቆሙና የሚወጣውን ሕፃን ሁሉ ራስ በመዳፋቸው ይሸፍናሉ። ቄስ አይደሉም፤ አይባርኩም። መዳፋቸውን ጣል አድርገው፣ አንድ ነገር እንደሚያዳምጡ ሁሉ ትንሽ ይቆዩና «አድገሻል» ይላሉ፤ ወይም «ምነው፣ እናትህ አታበላህም?» እናቶቹ «የሰው ልጅ ሐብሐብ መሰላቸው እንዴ?» እያሉ ያጉረመርማሉ።

ያ መዳፍ ካረፈባቸው ራሶች አንዱ የኤፍራታ ነበር። በሰባት ዓመቷ ነው እዚህ አገር የመጣችው። አሁን ሃያ አራት ሞልቷታል፤ የሕፃናቱ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል አስተማሪ ናት። ከሕፃናት ጋር ስትሆን እንደ ወንዝ ትናገራለች። ትልልቅ ሰዎች ፊት ግን ድምፅዋ ከንፈሯ ድረስ ይመጣና እዚያው ቁጭ ይላል።

ክፍሉ ቤዝመንት ውስጥ ነው። አንዲት መስኮት ብቻ አለችው፤ እሷም ከሣሩ እኩል ናት። በዚያች መስኮት የሚታየው የሰው ጫማና የሽኮኮ ጅራት፣ አልፎ አልፎም ሣር ውስጥ የተዘነጋ ኳስ ነው። ረፋድ ላይ ፀሐይ በሣሩ መሐል አጮልቃ ስትገባ፣ ወለሉ ላይ አረንጓዴ ውሃ የፈሰሰ ይመስላል። ኤፍራታ ያን ሰዓት ትወደዋለች። ሕፃናቱም ጫማቸውን አውልቀው «ውሃው» ውስጥ ይገባሉ።

ታዲያ በሰኔ ስብሰባ ላይ የሰበካው ሊቀ መንበር አቶ ኃይለልዑል፣ ክፍሉ ለታጣፊ ወንበሮች ማስቀመጫ እንዲሆን ሐሳብ አቀረቡ። አቶ ኃይለልዑል ሮክቪል የሚሠሩ መሐንዲስ ናቸው፤ በቀይ ብርሃን የምትለካ ትንሽ መሣሪያ ከቀበቷቸው አትለይም። ክፋት የለባቸውም። ክፍሉን በጫማ ለክተውታል፣ ወንበሮቹን ቆጥረዋቸዋል፣ ልክ ሆኖ ገጥሞላቸዋል። ሕፃናቱ ዐሥራ አንድ ብቻ ስለሆኑ ኮሪደሩ ጥግ ይበቃቸዋል።

ኤፍራታ እጇን ስታወጣ ራሷም ደነገጠች። «ክፍሉን... ግንብ ልናደርገው ነበር» አለች። «እንደ መካከለኛው ዘመን ግንብ። የክረምቱ ትምህርት እግዚአብሔር አምባችን ነው የሚል ስለሆነ...» ቀሪው ከንፈሯ ላይ ቀረ።

«ስንት ጫማ በስንት ነው ግንቡ?» አሉ አቶ ኃይለልዑል፣ እስክሪብቷቸውን አዘጋጅተው።

ከኋላ ወንበር የጋሽ ወልደአምላክ ረጅም ክንድ ተነሣ። «ዓይኔ ለክቶታል፣ አለቀ!»

ሳቁ ጋብ ሲል ሊቀ መንበሩ ፈረዱ፤ «እንግዲህ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ወርጄ አያለሁ። ክፍል ሆኖ ካገኘሁት ለሕፃናቱ ይቀራል። ካልሆነ ወንበሮቹ ይገባሉ።»

ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትነዳ ከጆርጂያ ጎዳና በላይ ያለው ደመና ሁሉ እንደ ግንብ አናት ጥርስ አወጣ። ቀይ መብራት ላይ ቆማ ማማዎቹን ቆጠረች። አራት ነበሩ፤ መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን አምስት ሆኑ። ከኋላዋ ያለው መኪና ጡሩምባውን ነፋ። እሷም የግንቡ ዘበኛ የነፋው መስሏት ትንሽ ቆየች።

ሥራው ለሁለት ተከፈለ። የቀኙን ግድግዳ ጋሽ ወልደአምላክ ጋራዣቸው ውስጥ ይሠራሉ። የግራውን ደግሞ አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ የሚኖሩት ወይዘሮ ተናኘወርቅ፣ ከአፓርትመንታቸው ሴቶች ጋር። የፍሪጅ ካርቶን በሽ ነው፤ ግራጫ ቀለምም ተገኝቷል። ኤፍራታ በደብተሯ የሣለችውን ሥዕል ይዛ ወደ ጋራዡ ስትመጣ ጋሽ ወልደአምላክ አንዴ አይተው መለሱላት። «ቆንጆ ነው። አስቀምጪው» አሉና ስልካቸውን አነሡ።

«ተናኜ! ከፍታው ሁለት ክንድ ተኩል፣ ወርዱ ስምንት ክንድ። ጻፊው!»

«ምኑ ይጻፋል ጋሽ ወልዴ? ክንዴን እንደሆነ ይዤው ነው የምዞረው» አለ የወይዘሮ ተናኘወርቅ ድምፅ፤ ከጀርባቸው የሴቶች ሳቅ ይሰማል።

ኤፍራታ የቀለም ቆርቆሮ ላይ ተቀምጣ ነበር። የጋሽ ወልደአምላክን ክንድ አየች፤ ከክርናቸው እስከ ጣታቸው ጫፍ የዳቦ መጋገሪያ አካፋ ያህላል። ወይዘሮ ተናኘወርቅን ደግሞ ስትስማቸው ጉልበቷን ማጠፍ እንዳለባት አስታወሰች።

«ጋሼ... በኢንች ብንነግራቸው...»

«ምን አልሽ፣ የኔ እመቤት?»

«ምንም።»

ይህን «ምንም» ሁለቱን ሳምንት ሙሉ ይዛው ዞረች። ማታ ስትጋደም እንደ ጠጠር ይቆረቁራታል። ጠዋት ግን ቀለም ስትቀባ ትረሳዋለች። በስፖንጅ እያንዳንዱን የካርቶን ድንጋይ ስትጠቀጥቅ ድንጋዩ እውነትም እየቀዘቀዘ፣ ሽበት እያበቀለ፣ አንድ ስሙ የማይታወቅ ዘመን በላዩ እያለፈ ይሄድባታል። የግንቡ ድልድይ ሲወርድ የሰንሰለቱ ድምፅ ይሰማታል። ጋሽ ወልደአምላክ ከጎኗ ካርቶን እየቆረጡ ነው፤ ሰንሰለቱ እሳቸው የሚያንቋቁት መቀስ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት የላንድማርኩ ግድግዳ ቫን ላይ ታስሮ መጣ። ሁለቱን ግድግዳዎች ቤዝመንቱ ውስጥ ጎን ለጎን አቆሟቸው።

የወይዘሮ ተናኘወርቅ ግድግዳ ጥንቅቅ ያለ ነበር። ድንጋዮቹ በክር ተሰልፈዋል፤ ሐረግ ሁሉ ተሥሎባቸዋል። ግን ከፍታው የጋሽ ወልደአምላክ ግድግዳ ደረት ላይ ቀርቷል፤ ታላቅ ወንድሙ ሥር የቆመ ሕፃን ይመስላል። ወርዱም አልደረሰም። በሁለቱ መሐል አንድ ትልቅ ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ክፍተት አፉን ከፍቷል።

«ክንድዎ ነው የረዘመው!» አሉ ወይዘሮ ተናኘወርቅ።

«ክንድሽ ነው ያጠረው!»

«ፈጣሪ የሰጠኝ ነው፤ ይክሰሱታ!»

«ሁለት ክንድ ተኩል አልኩ። የማን ክንድ እንደሆነ ይነገራል እንዴ? የታወቀ ነው!»

«በርስዎ ቤት የታወቀ ነው!»

ኤፍራታ ሌላ ነገር ነበር የምታየው። «በሩስ?» አለች ቀስ ብላ።

በሥዕሉ ላይ ትልቅ በር ነበረ። ግን ቀኙ ለጋሽ ወልደአምላክ፣ ግራው ለወይዘሮ ተናኘወርቅ ሲሰጥ፣ በሩ ለማንም አልተሰጠም። በር የሌለው ግንብ ሠርተው ነበር ማለት ነው። ጋሽ ወልደአምላክ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ክፍተቱን ከላይ እስከ ታች ገረመሙት።

«ይኸው በሩ» አሉ። «ዓይኔ ለክቶታል።» ከተረፈ ካርቶን ቅስት ቆርጠው ክፍተቱ አናት ላይ አጣበቁ። ቅስቱ በጣም ዝቅ አለ። «ሠራዊት ጎንበስ ብሎ ይግባ» ብለው ሄዱ።

ኤፍራታ ብቻዋን ደረጃው ላይ ቀረች። የመስኮቱ ብርሃን ወለሉ ላይ ሊደርቅ ምንም አልቀረውም። ነገ አቶ ኃይለልዑል ይወርዳሉ፤ ቀይዋ ብርሃን ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ትዘላለች፤ ወንበሮቹ ይገባሉ። ጥፋቱ የክንዱ እንዳልሆነ አወቀች። የዚያ የሷ «ምንም» ነበር። አንድ ዓይኗን ጨፍና ግንቡን አየችው። እንደዚያ ሲታይ ትንሽ ያምር ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ወልደአምላክ ትልቅ ካርቶን ተሸክመው ወረዱ። ውስጡ በብርማ ወረቀት የተለበጡ የወታደር የራስ ቁሮች ነበሩ። ዐሥራ አንድ።

ኤፍራታ አንዱን አንሥታ አገላበጠችው። «ጋሼ፣ የልጆቹን ራስ ማን ለካው?»

«ዓይኔ...» ብለው ጀመሩና መዳፋቸውን አዩ። ቁሮቹን በየተራ ያድሉ ጀመር።

የመጀመሪያው ልክ ገባ። ሁለተኛውም። ትልቅ ራስ ስላለው ኮፍያ የማይበቃው ኖላዊ፣ የሱም ልክ ገባ። የዮዲ ቁር ለሹሩባዋ ከኋላ ቦታ ተትቶለታል። ዐሥራ አንዱም እንደ ቆዳቸው ገጠማቸው፤ አንዱ አልላላ፣ አንዱ አልጠበቀ። ኤፍራታ ያን ጊዜ ነው የገባት። እየሰማች ያደገችውን የእናቶቹን ማጉረምረም አስታወሰች። ግድግዳ የማያውቀው ያ እጅ፣ እሑድ በእሑድ በር ላይ ቆሞ ይህን ሲማር ነበር የኖረው።

ልጆቹ በቅስቱ ሥር ሾልከው ገቡ፤ ከዚያም ያለ ትእዛዝ ወደ አጭሩ ግድግዳ ተሰለፉ። ረጅሙ ግድግዳ ከጭንቅላታቸው በላይ ነበር፤ የወይዘሮ ተናኘወርቅ ግድግዳ ግን አገጫቸው ላይ ልክ አረፈ። ዐሥራ አንድ ብርማ ራሶች በግንቡ ጥርሶች መሐል ተደረደሩ። አረንጓዴው ብርሃን ከመስኮቱ መጥቶ ግንቡን እንደ ወንዝ ከበበው። ኤፍራታ በሕልሟ ውስጥ እንኳን ወንዙን አላሰበችውም ነበር።

አቶ ኃይለልዑልና አንድ የኮሚቴ አባል ደረጃውን ሲወርዱ ተሰሙ።

«ዐሥር ኢንች ይበላለጣል» አሉ ሊቀ መንበሩ ገና ከደረጃው። መሣሪያዋንም አላወጡም። «ኤፍራታ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ከግንቡ ላይ ግን ሌላ ድምፅ መለሰ። «ፓስወርድ!» አለች ዮዲ። ዮዲ ሰባት ዓመቷ ነው፤ የአቶ ኃይለልዑል ልጅ ናት።

«ዮዲ፣ ሃኒ፣ ሌት ሚ ኢን።»

«ኖ! በአማርኛ!»

አቶ ኃይለልዑል ቆሙ። ቤታቸው ውስጥ በአማርኛ የሚጠይቁት እሳቸው፣ በእንግሊዝኛ የምትመልሰው ልጅቷ ነበረች፤ ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ መጠየቁንም ትተውት ነበር። «እሺ» አሉ ቀስ ብለው። «እሺ የኔ ልጅ። ምንድን ነው ቃሉ?»

«አይነገርም! ለጠላት አይነገርም!» ብለው ሁሉም ጮኹ።

ሊቀ መንበሩ ወደ ኤፍራታ ዞሩ። እሷም ቀረብ ብላ፣ ድምፅዋ ከንፈሯ ላይ ሳይቀር፣ «አምባዬ ይበሉ» አለቻቸው። «ደግሞ ክፍል ነው፣ አቶ ኃይለልዑል። ገብተው ይዩት።»

«አምባዬ» አሉ መሐንዲሱ።

ቅስቱ ዝቅ ያለ ስለነበረ በጉልበታቸውና በመዳፋቸው ገቡ። ባለ ቀይ ብርሃኗ መሣሪያ ከቀበቷቸው ወድቃ ደጅ ቀረች። ከግድግዳው ማዶ ሹክሹክታ ተሰማ፤ ከዚያ ሳቅ፤ ከዚያ ዮዲ በአማርኛ ረጅም ነገር ስታስረዳ። የኮሚቴው አባል ሰዓታቸውን ደጋግመው አዩ።

«አቶ ኃይለልዑል፣ ወንበሮቹስ?»

«ወንበሮቹን» አለ ድምፁ ከግንቡ ውስጥ፣ «ኮሪደሩ ጥግ ደርድሯቸው። ይበቃቸዋል።»

ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ኤፍራታ የቁሮቹን ካርቶን ልታጣጥፍ ስታነሣው አንድ ነገር ሥሩ ተንከባለለ። ዘውድ ነው፤ በወርቃማ ወረቀት የተለበጠ፣ ጥርሶቹ በጥንቃቄ የተቆረጡ።

«ይሄ ደግሞ የማን ነው፣ ጋሼ?»

«ያንቺ ነዋ! ግንብ ያለ እመቤት አለ?»

አደረገችው። አናቷ ላይ እንደ ሲኒ ተቀመጠ። የሰባት ዓመት ልጅ ራስ ልክ ነበር።

ጋሽ ወልደአምላክ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ሌላውንም ጨፈኑ። ረጅም ክንዳቸውን አንሥተው መዳፋቸውን በዘውዱ ላይ ጣል አደረጉ፤ ትንሽ ቆዩ። «አድገሻል» አሉ። «ማንም አልነገረኝም።»

ኤፍራታ ዘውዱን በሁለት የፀጉር መርፌ አጣብቃ ወደ ፓርኪንግ ሎቱ ወጣች። ጋሽ ወልደአምላክ ቀድመው ከመኪናዋ ኋላ ቆመው መዳፋቸውን ዘርግተዋል። «ነይ፣ ነይ፣ ነይ! ሰፊ ነው!» የመኪናዋ ካሜራ ቢጫ መስመር፣ ከዚያ ቀይ መስመር አሳያት፤ ጢጥ ጢጥ ጢጥ እያለ ለመናት። ከኋላዋ የቆሻሻው በርሜል እንዳለ አሳምራ ታውቃለች።

ካሜራውን አጠፋችው፤ እጃቸውን እያየች ቀስ ብላ ወደ ኋላ ሄደች።

ድም አለ። ዘውዱ ተንሸራትቶ ዓይኗ ላይ ወደቀ።

«በቃ!» አሉ ጋሽ ወልደአምላክ። «ልክ ነው!»