«ቆይ፣ እኔ ልየው»

ሞተር ቢስክሌት መንገድ ላይ ሲቆም «አላውቅም» የሚል ወንድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በጃንሆይ ጊዜ ቀራንዮ ስኖር አንድም አላየሁ። ሁሉም «ቆይ፣ እኔ ልየው» ባይ ነው።

ጎረቤታችን ከድር ሞተር ነበረው። አንድ ጠዋት ሚስቱ ዘይነባ ምጥ ጠናባት፤ ታክሲ ደግሞ ጦር ኃይሎች ካልተሄደ አይገኝም። ከድር ታክሲ ሊጠራ ወጥቶ ቁልፉን ቢያዞር ሞተሩ ጭጭ አለ። መብራቱም አይበራ፣ ጡሩምባውም አይጮህ።

«ከቁልፉ ስር ሽቦ ለቆ ነው» ብሎ ሊፈታው ሲል ጋሽ በላቸው ደረሱ። በጣሊያን ጊዜ ካሚዮን ነድቻለሁ ስለሚሉ፣ በሰፈሩ የሞተር ነገር ያለ እርሳቸው አይነካም።

«ተው አንተ ልጅ፣ ካንዴላው ቆሽሾ እሳት አልሰጥ ብሎ ነው።»

«ጋሼ፣ መብራቱም እኮ አልበራም። ኤሌክትሪኩ ከቁልፉ አያልፍም።»

«እኔን ልታስተምር ነው?»

የትልቅ ሰው እጅ እንዴት ይገፋል? ከድር መፍቻውን አስረከበ። እርሳቸውም ካንዴላውን ፈትተው ጠረጉ፣ ነፉበት፣ ደግሞ ቤንዚኑን አሸተቱ። እኛ ከበን በአድናቆት እናያለን። የዘይነባ ጩኸት ከቤት ይሰማ ነበር፤ እየቆየ እየቀነሰ ሄደ። ያኔ ከድር ሁሉንም ትቶ በእግሩ ሮጠ። ታክሲ ይዞ ሲመለስ ዘይነባ አልፋለች፤ ልጇም አልተረፈም።

ለቅሶው ላይ ጋሽ በላቸውን እንደ ወጉ ከፍ ያለው ቦታ አስቀመጥናቸው።

«ደም አንሷት ነው» አሉ። «እኔ ፊቷን አይቼ አውቄ ነበር።»

ከድር አንገቱን እንደደፋ «ይሆናል፣ ጋሼ» አላቸው። እኛም ራሳችንን ነቀነቅን።